ውጅግራ በማይጨው ለምን ተገኘች?

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፤

የማይጨውን ጦርነት መታሰቢያ ምክንያት በማድረግ በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጥሞና አነበብሁት። ስለ ዘማቾቹ ብርታትና ስለ ደረሰባቸው መከራ የተጻፈው ሁሉ ልብ የሚነካ ነውና ጸሐፊውን ከልብ አመሰግናለሁ። ነገር ግን በጽሑፉ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ የመጣ አንድ አባባል ቅር አሰኝቶኛል፤ ይኸውም አባቶቻችን የተዋጉት «በኋላ ቀር መሣሪያ» ነበር የሚለው ነው። አባባሉ ሐሰት ነው ብዬ አልከራከርም። የምከራከረው አንባቢው ይህን ካነበበ በኋላ የሚጠይቀው ነገር ስለማይቀረው ነው። መሣሪያው ምን ነበር? ስሙ ማን ይባላል? መቼና የት ተሠራ? ጠላት ሌላ መሣሪያ ሲይዝ የእኛ ሰው ለምን ያንኑ ይዞ ቀረ? «ኋላ ቀር» ሲባል እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ የተመለሱ ይመስላሉ፤ አንዳቸውም ግን አልተመለሱም። ሠላሳ ዓመት ታሪክ ያስተማርሁ ጡረተኛ እንደ መሆኔ ይህን ነገር በዝምታ ማለፍ አልቻልሁምና ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ።

የእናቴ አባት ከማይጨው ዘመቻ በሕይወት ከተመለሱት አንዱ ነበሩ። በልጅነቴ እሳቸው ዘንድ ሳድር ከመኝታቸው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ አንዲት ረጅም ጠመንጃ ተሰቅላ አያት ነበር። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለመስቀልና ለፋሲካ፣ ያወርዷትና በሞራ ይወለውሏታል። እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ በብረቷ ጎን ላይ የተቀረጹትን የላቲን ፊደላት በጣቴ እየተከተልሁ ማንበብ እሞክር ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ ፊደላቱን ከለየሁ በኋላ በደብተሬ ላይ ገለበጥኋቸው፤ የተጻፈው ሴንት ኤትየን የተባለው የፈረንሳይ የመሣሪያ ፋብሪካ ስምና «1874» የሚል የሞዴል ዓመት ነበር። አያቴ ግን ጠመንጃቸውን በዚህ ስም አያውቋትም። «ውጅግራዬ» ነበር የሚሏት።

ውጅግራ የሚለው ስም የመጣው ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ከሚሉት፣ የግራ ጠመንጃ ማለት ነው፣ እንደ ሆነ ይነገራል። ባዚል ግራ የተባለ የፈረንሳይ መኰንን አሻሽሎ ያቀረባትና በፈረንጆች 1874፣ በእኛ አቆጣጠር 1866 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ የፈረንሳይ ሠራዊት የተቀበላት ጠመንጃ ናት። ከእሷ በፊት ፈረንሳዮች የያዙት ጥይቱ በወረቀት የሚጠቀለል ጠመንጃ ነበር፤ ግራ ያመጣው ለውጥ ጥይቱ በነሐስ ቀልሃ እንዲሆን ማድረጉ ነው። የአፈሙዟ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ አረሯ 25 ግራም የሚመዝን ድፍን እርሳስ ነው። ካዝና የላትም፤ በአንድ ጊዜ የምትጎርሰው አንዲት ጥይት ብቻ ነው። ተኳሹ መቀርቀሪያዋን ወደ ላይ አንሥቶ ወደ ኋላ ሲስብ ባዶው ቀልሃ ይወጣል፤ ከዝናሩ ሌላ ጥይት መዝዞ በጣቱ ያጎርሳታል፤ መቀርቀሪያውን ገፍቶ ወደ ታች ያጥፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው አልሞ ቃታ የሚስበው። አያቴ ይህን ሁሉ ባዶ እጃቸውን እያንቀሳቀሱ ሲያሳዩኝ ጣቶቻቸው አንድም ቦታ አይሳሳቱም ነበር።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህችው ውጅግራ በዓድዋም ነበረች። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ይዟት ሲሰለፍ ከተሠራች 22 ዓመቷ ነበር። በዚያው ቀን ከፊቷ የቆመው የኢጣልያ ጦር በብዛት የያዘው ቬተርሊ የሚባለውን ጠመንጃ ሲሆን፣ እሱም መሠረቱ በፈረንጆች የ1870 ሞዴል ሆኖ ኋላ አራት ጥይት የሚይዝ ካዝና የተጨመረለት ነው። ኢጣልያኖች በፈረንጆች የ1891 ሞዴል የሆነ፣ 6.5 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ስድስት ጥይት የሚጎርስ ካርካኖ የሚባል አዲስ ጠመንጃ ነበራቸው፤ ነገር ግን ወደ አፍሪካ ለላኩት ጦር በአመዛኙ ያስታጠቁት በመጋዘን የተከማቸውን አሮጌውን ቬተርሊ ነበር። ምኒልክም ሆችኪስ የሚባሉ ፈጥነው የሚተኩሱ የተራራ መድፎች አሰልፈው ነበር። ስለዚህ በዓድዋ የነበረው የመሣሪያ ልዩነት የአንድ ትውልድ እንኳ አልነበረም፤ ጠመንጃ ከጠመንጃ፣ ባሩድ ከባሩድ የሚመጣጠን ነበር። ዓድዋን በጦርና በጋሻ ብቻ የተገኘ ድል አድርጎ መተረክ ለአባቶቻችን ክብር የሚጨምር ይመስላል እንጂ፣ ምኒልክ ከዓመታት በፊት ጀምረው ከፈረንሳይም ከራሷ ከኢጣልያም ከሌላም ነጋዴ መሣሪያ ሲያሰባስቡ የፈጸሙትን ታላቅ ሥራ ይሠውርብናል።

ማይጨው ግን ሌላ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ውጅግራ የ62 ዓመት አሮጊት ነበረች። በዓድዋ ከጠላቷ ጋር እኩያ የነበረች ጠመንጃ ከ40 ዓመት በኋላ በአውሮፕላን፣ በመትረየስና በመርዝ ጋዝ ፊት ቆማ ተገኘች። የመሣሪያችን ኋላ መቅረት ከጥንት የወረስነው ዕጣ ሳይሆን በእነዚህ 40 ዓመታት ውስጥ የተፈጠረ ነገር ነው ማለት ነው። የእኔ ክርክር ይህና ይህ ብቻ ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈውም ይህንኑ ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ በእነዚያ ዓመታት በዓለም የጦር መሣሪያ ላይ ምን እንደ ተለወጠ ማወቅ ያስፈልጋል። ፖል ቪየይ የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በፈረንጆች 1884 ጭስ አልባ ባሩድ ሠራ። የቀድሞው ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል ከግማሽ በላይ የሚሆነው ክብደቱ ወደ ጭስና ወደ ጥላሸት ይለወጣል፤ ጭሱ የተኳሹን ቦታ ያሳብቃል፣ ጥላሸቱ ደግሞ በአፈሙዙ ውስጥ እየተጋገረ ተኩሱን ያበላሻል። አዲሱ ባሩድ ሁለቱንም አስቀረ፤ ኃይሉም የበረታ በመሆኑ አረሩ ቀጭን ሆኖ በፍጥነትና በቀጥታ እንዲበር አስቻለ። በዚህ ባሩድ የመጀመሪያው የሠራዊት ጠመንጃ የሆነው 8 ሚሊ ሜትር የሆነው የፈረንሳይ ለበል፣ ሞዴል 1886፣ ሲሆን በእኛ ዘንድ ለበን ተባለ። ከዚያ በኋላ በ1898 ሞዴል የወጣው የጀርመን ማውዘር ተከተለ፤ አምስት ጥይት በካዝናው የሚይዘው ይህ ጠመንጃ በዓለም ዙሪያ ለብዙ አገሮች ሠራዊት መለኪያ ሆነ። መትረየስም በዚሁ ባሩድ ምክንያት ከከባድ ጋሪ ወርዶ ሁለትና ሦስት ሰው የሚሸከመው መሣሪያ ለመሆን በቃ።

አያቴ የኬሚስትሪውን ነገር አያውቁም፤ የጭሱን ነገር ግን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። «ጥይቷ ከሄደች በኋላ ጭሷ ከአናትህ ላይ አይነሣም። ከላይ ያለው አውሮፕላን አንተን ሳይሆን ጭስህን ነው የሚፈልገው» ይሉ ነበር። ስለዚህ ከተኮሱ በኋላ ጎንበስ ብለው ወደ ሌላ ድንጋይ መሮጥ፣ ከዚያም ሌላ ጥይት ማጉረስ ነበረባቸው። ሃያ ጥይት ለመተኮስ ሃያ ጊዜ መሮጥ ማለት ነው። ይህን የሰማ ሰው «ኋላ ቀር መሣሪያ» የሚለውን ቃል እንዳነበበው ብቻ አያልፈውም።

እንግዲህ ውጅግራን በለበን፣ ለበንንም በማውዘር መለወጥ ለምን አልተቻለም? ከሚያሳዝኑኝ ነገሮች ሁሉ የከፋው የዚህ መልስ በብዛት የሚገኘው በጦር ሜዳ ሳይሆን በአውሮፓ የስብሰባ አዳራሾች ውስጥ መሆኑ ነው። በ1882 ዓ.ም. በብራስልስ የተፈረመው ውል ዋና ዓላማው የባሪያ ንግድን ማስቀረት ነበር፤ ሆኖም በውስጡ ከምድር ወገብ በስተሰሜን እስከ 20ኛው፣ በስተደቡብ ደግሞ እስከ 22ኛው መስመር ባለው የአፍሪካ ምድር ጠመንጃና ጥይት እንዳይገባ የሚከለክል ድንጋጌ አለበት። ኢትዮጵያ በዚህ ክልል መካከል ናት። የባሪያ ነጋዴው ጠመንጃ እንዳይኖረው መከልከል በጎ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ክልከላው ቅኝ ገዢዎቹን ራሳቸውን አይመለከትም ነበር። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ስለ ኢትዮጵያ የወደፊት ዕድል ባለቤቱን ሳያማክሩ ሲዋዋሉ፣ በዚያው ዕለት በቀይ ባሕር በኩል የሚያልፈውን መሣሪያ በሚመለከት የተለየ ስምምነት አደረጉ። የወደቦቹ በሮች ሁሉ በእነዚህ ሦስት መንግሥታት እጅ ነበሩና ስምምነቱ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አልነበረም። ምጽዋና አሰብ የኢጣልያ፣ ጂቡቲ የፈረንሳይ፣ በርበራና ዘይላ የእንግሊዝ ነበሩ።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውሮፓ በትርፍ ጠመንጃ ተጥለቀለቀች። ያን ጊዜ ጥሩ ጠመንጃ በርካሽ ለመግዛት ከዚያ የተሻለ ዘመን አልነበረም። በዚያው ወቅት፣ በጳጉሜ 1911 ዓ.ም.፣ በሴን ዠርሜን የተፈረመው ስምምነት ኢትዮጵያን እንደገና መሣሪያ ከማይገባባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገባት። መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆንም፣ በመሣሪያ ጉዳይ ይህን የሴን ዠርሜን ደንብ እንደምታከብር ቃል እንድትሰጥ ተጠየቀች። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን አገራቸውን ለማኅበሩ አባልነት ለማብቃት ሲሉ ይህን ሸክም ተቀበሉት። ሲቀበሉት ግን እንዳልተኙበት የሚያሳየው ከሁለት ዓመት በኋላ የሆነው ነው።

በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ ስለ መሣሪያ ንግድ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደረገ። የኢትዮጵያ መልእክተኞች የማኅበሩ ሙሉ አባል የሆነች ነጻ አገር ከቅኝ ግዛት ጋር በአንድ የክልከላ ዝርዝር ልትገባ አይገባም ብለው አጥብቀው ተከራከሩ፤ ክርክራቸውም ተሰምቶ ኢትዮጵያ ከልዩ ክልሉ ወጣች። አንድ ዲፕሎማሲያዊ ድል ነበር። ይሁን እንጂ የዚያ ጉባኤ የመሣሪያ ንግድ ስምምነት በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ከዚያ ጉባኤ የተረፈውና እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው ሰኔ 10 ቀን 1917 ዓ.ም. የተፈረመው ሌላው ሰነድ ነው፤ እሱም በጦርነት የመርዝ ጋዝ እንዳይወረወር የሚከለክለው የጄኔቭ ፕሮቶኮል ነው። ኢጣልያ ይህን ፕሮቶኮል ፈርማ በ1920 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። የኢትዮጵያ መልእክተኛ ጠመንጃ የመግዛት መብት ሲጠይቅ በተቀመጠበት ጉባኤ ላይ ጋዝ አልጠቀምም ብሎ የፈረመ መንግሥት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በዚያው ጋዝ በተከዜና በተምቤን የአያቴን ጓደኞች ቆዳ ላጠ። በታሪክ ክፍል ውስጥ ይህን ሳስተምር ድምፄ ሳይለወጥ የጨረስሁበትን ቀን አላስታውስም።

በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ጋር በተዋዋለችው ውል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለአገራቸው መከላከያና ለውስጥ ጸጥታ የሚያስፈልጋቸውን መሣሪያ ማስገባት እንደሚችሉ ተፈቀደ። ከብራስልሱ ውል እስከዚህ ቀን 40 ዓመት አልፏል። ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ አጭር ቢሆንም በከንቱ አልባከነም። የቤልጅግ መኰንኖች የክብር ዘበኛን አሠለጠኑ፤ ከሄርስታል ፋብሪካ የተገዛውንና ሕዝቡ በፋብሪካው አገር ስም ቤልጅግ ያለውን አዲስ ማውዘር ክብር ዘበኛው ታጠቀ፤ የስዊድን መኰንኖችም በ1927 ዓ.ም. በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሆችኪስና ቪከርስ መትረየስ፣ ኦርሊኮን የሚባለው 20 ሚሊ ሜትር ፀረ አውሮፕላን መድፍም ገባ። ከማይጨው በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት የተሠራውን ከእነዚያ 40 ዓመታት ጋር ስመዝነው፣ በሩ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳላስብ አልቀርም።

ፍርዴ ሚዛኑን የሳተ እንዳይሆን በራሳችን በኩል የነበረውንም ጥፋት መሸሸግ አልፈልግም። መሣሪያው በመንግሥት ግምጃ ቤት ብቻ ሳይሆን በየመሳፍንቱና በየመኳንንቱ እልፍኝ ተከማችቶ ነበር፤ ጠመንጃ የክብር ምልክት፣ የሹመት ሽልማትና የጥሎሽ ዕቃ ጭምር ስለ ነበረ፣ ሰው የሚመርጠው ለአገሩ ሠራዊት የሚስማማውን ሳይሆን ያገኘውን ነው። ጥይት ራሱ ገንዘብ ነበር። በብዙ ገበያዎች የማርትሬዛ ብር ምንዛሪ ሲጠፋ የውጅግራ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ ለመገበያያ ያገለግል ነበር፤ አያቴም በወጣትነታቸው ከገበያ ጨውና በርበሬ በጥይት ሲገዙ እንደ ኖሩ ነግረውኛል። ለገበያ የወጣ ጥይት ደግሞ ስንት እጅ እንደ ዞረ፣ ባሩዱ ስንት ክረምት እርጥበት እንደ ጠጣ ማንም አያውቅም። ባዶ ቀልሃም አይጣልም፤ ተሰብስቦ በአገር ባሩድ እንደገና ይሞላል። እንዲህ የተሞላ ጥይት አንዳንዱ ይተኮሳል፣ አንዳንዱ ይከሽፋል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው የጥይት ዓይነት መብዛት ይመስለኛል፤ ስለ ማይጨው ሲጻፍ ግን ይህ ነገር ሲነሣ አይቼ አላውቅም። በአንድ ሸለቆ ውስጥ ጎን ለጎን የተኙ አምስት ዘማቾችን እናስብ። አንዱ 11 ሚሊ ሜትር ውጅግራ፣ ሌላው 8 ሚሊ ሜትር ለበን፣ ሦስተኛው 7.92 ማውዘር፣ አራተኛው 7.7 የሆነውን የእንግሊዝ ጠመንጃ፣ አምስተኛው ከጠላት የተማረከ 6.5 ካርካኖ ይዘዋል። የአንዱ ዝናር ባዶ ሲሆን ከጎኑ ያለው ወንድሙ ሙሉ ዝናር ቢኖረውም አንዲት ጥይት ሊያበድረው አይችልም። በበቅሎና በአህያ ጥይት የሚያጓጉዘውም ሰው የትኛውን ሳጥን ለየትኛው ጭፍራ እንደሚያደርስ መለየት አለበት፤ ያውም በሌሊት፣ ከአውሮፕላን ተደብቆ። ኢጣልያኖች በአንጻሩ ለሠራዊታቸው ጠመንጃ አንድ ዓይነት ጥይት በካሚዮን ያቀርቡ ነበር። ይህ የጥይት ዝብርቅ የመጣው ደግሞ ከላይ ከዘረዘርሁት ክልከላ ነው፤ አንድ አገር በግልጽ ከአንድ ፋብሪካ በብዛት እንዳትገዛ ስትከለከል ከየአገሩ ጥቂት ጥቂት እየቃረመች ትኖራለች። አርበኞቻችን ኋላ በአምስቱ ዓመት ይህን ችግር በገዛ መንገዳቸው ፈቱት፤ የጠላትን ጠመንጃ የማረከ ሰው ጥይቱንም ከዚያው ከጠላት ይማርካልና።

የመጨረሻው በር የተዘጋው በጦርነቱ ዋዜማ ነው። በኦጋዴን ወልወል በተባለው ስፍራ የኢትዮጵያና የኢጣልያ ወታደሮች ከተጋጩ በኋላ የኢጣልያ ጦር በምጽዋ ወደብ በገፍ ሲራገፍ፣ እንግሊዝ በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ለኢጣልያም ሆነ ለኢትዮጵያ መሣሪያ የመላክ ፈቃድ እንደማትሰጥ አስታወቀች፤ ፈረንሳይም እንዲሁ አደረገች፤ አሜሪካም ጦርነቱ ሲጀመር ለሁለቱም ወገን እንዳይሸጥ ከለከለች። ለሁለቱም እኩል የተከለከለ ስለ ሆነ ፍትሕ የተደረገ ይመስላል። ነገር ግን ኢጣልያ ጠመንጃዋንም፣ ጥይቷንም፣ አውሮፕላኗንም የምትሠራው በራሷ ፋብሪካ ነበር፤ ከውጭ መግዛት የሚያስፈልገው አንዱ ወገን ብቻ ነበር። የሚገርመው፣ በዚያን ጊዜ ከኢጣልያ ጋር በኦስትሪያ ምክንያት የተቃቃረው የሒትለር መንግሥት ለራሱ ጥቅም ሲል በምስጢር ማውዘርና ፀረ ታንክ መድፍ ወደ ኢትዮጵያ ልኳል። የመንግሥታት ማኅበር ክልከላውን ለኢትዮጵያ ያነሣው በመስከረም 1928 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ጠላት መረብን ተሻግሮ ዓድዋን ከያዘ በኋላ ነው። ከዚያ እስከ ማይጨው ስድስት ወር አይሞላም።

ደህና መሣሪያ በእጁ በገባበት ስፍራ፣ ወይም መሣሪያ ሳይኖረው ብልሃት በተጠቀመበት ስፍራ፣ ዘማቹ ምን እንደ ሠራ ማስታወስም ተገቢ ነው። በታኅሣሥ መጀመሪያ 1928 ዓ.ም. በደንበጓና የራስ እምሩ ጦር የኢጣልያን ትንንሽ ታንኮች በጠባብ መንገድ ላይ አግኝቶ ከበባቸው፤ ዘማቾቹ ከጎንና ከኋላ እየተጠጉ፣ ላያቸው ላይ እየወጡ ማረኳቸው፣ ሰባበሯቸውም። ከዚያ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ በኅዳር ወር፣ ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ላይ ቆመው ሲተኩሱ የተነሡት ፎቶግራፍ ዛሬም አለ። እነዚህን ታሪኮች የምጠቅሰው መሣሪያና ጀግንነት ተለያይተው እንዳይነገሩ ብዬ ነው። አንድ ሰው ጀግና ነበር ስንል በእጁ የያዘው ብረት ምን ሊያደርግ እንደሚችልና እንደማይችል ካልነገርን፣ ጀግንነቱ ምን ያህል እንደ ነበር አልነገርንም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። አያቴ ካረፉ በኋላ ያቺ ውጅግራ ለታላቅ አጎቴ ተላለፈች። ከዓመታት በኋላ የጦር መሣሪያ እንዲመዘገብና እንዲመለስ ሲታዘዝ አጎቴ ሕግ አክባሪ ሰው ስለ ነበረ ተሸክሞ ወስዶ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አስረከበ። በምትኩ የተሰጠውን ደረሰኝ በኋላ ራሴ አይቼዋለሁ። የተጻፈው «አንድ አሮጌ ጠመንጃ» ብቻ ነው። ሞዴሏ የለም፤ የፋብሪካዋ ስም የለም፤ ቁጥሯ የለም፤ የማን እንደ ነበረችና የት እንደ ዘመተች የለም። ሄጄ ብጠይቅም የት እንደ ደረሰች የሚነግረኝ አላገኘሁም። መሣሪያው መሰብሰቡን አልቃወምም፤ ልጅ በሚጫወትበት ቤት ጠመንጃ ባይኖር እመርጣለሁ። ያንገበገበኝ ደረሰኙ ላይ የሰፈረው ቃል ነው፤ በጋዜጣችሁ ያነበብሁት «ኋላ ቀር መሣሪያ» የሚለው አባባልም ያስታወሰኝ ያንን ደረሰኝ ነው።

ስለዚህ የዝግጅት ክፍሉን በትሕትና የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በሚመጣው ዓመት ስለ ዓድዋም ሆነ ስለ ማይጨው ስትጽፉ መሣሪያውን በስሙ ጥሩት፤ ውጅግራ ከሆነ ውጅግራ፣ ስናድር ከሆነ ስናድር፣ ለበን ከሆነ ለበን፣ ምንሽር ከሆነ ምንሽር ተብሎ ይጻፍ፤ የተሠራበት ዓመትም ከጎኑ ይቀመጥ። አንባቢው የውጅግራን 1874 እና የማይጨውን 1936፣ ሁለቱም በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ጎን ለጎን ካየ በመካከሉ ስላለው 62 ዓመት ራሱ ይጠይቃል። ሁለተኛው፣ በየቤቱ የቀረውን መረጃ ለማሰባሰብ ገጻችሁን ክፈቱ። ብዙ ቤተሰብ ጠመንጃውን አስረክቧል፤ ነገር ግን ፎቶግራፉ፣ ዝናሩ፣ የፈቃድ ወረቀቱ፣ ባዶ ቀልሃው በየሳጥኑ አለ። በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ እንደ እኔ በልጅነቱ በደብተሩ የገለበጠ ሰውም አይጠፋም። በቤልጅግ ጠመንጃዎች ላይ የታተመውን ዘውድ የደፋ አንበሳ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሉ፤ እነሱ ሳያልፉ ይጠየቁ።

እኔ በበኩሌ የቀረኝ አንድ ባዶ ቀልሃ ነው፤ አጎቴ ጠመንጃዋን ሲያስረክብ ከሳጥን ግርጌ ቀርቶ እናቴ ሰጠችኝ። በማስመሪያ ለክቼዋለሁ፤ ስድስት ሴንቲ ሜትር ሊሞላ አንዲት ሚሊ ሜትር ይጎድለዋል። ነሐሱ ጠቁሯል፤ አፉ አካባቢ በጥርስ ወይም በጉጠት የተጨመቀ የሚመስል ምልክት አለው፤ ከአንድ ጊዜ በላይ እንደ ተሞላ የሚያሳይ ይመስለኛል። ከግርጌው ዙሪያ የተቀረጹት የላቲን ፊደላት ግማሾቹ ተፍቀዋል፤ የቀሩት በአጉሊ መነጽር ይነበባሉ። ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ለማውጣት ከፈለጋችሁ ይዤ እመጣለሁ፤ አድራሻዬ ከፖስታው ጀርባ ተጽፏል።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ጡረተኛ የታሪክ መምህር
ደብረ ብርሃን